ዝግ ያለ ትንፋሽ፦ በዮጋ ምንጣፍ ላይና በቀኑ ውሎ ሰውነትን የማሳረፍ ዝርዝር መመሪያ

የተጨነቀ ሰው ሲያጋጥመን ሁላችንም አፋችን ላይ የሚመጣው ምክር «ረጋ በል፣ በረጅሙ ተንፍስ» የሚል ነው። ምክሩ መልካም ነው። ችግሩ ብዙ ሰው «በረጅሙ» ሲባል «ብዙ አየር ሳብ» የተባለ ስለሚመስለው ነው። ዮጋ በማስተምርበት ክፍል ይህን ደጋግሜ አያለሁ። ደረት ይነፋል፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ይጠጋል፣ የአንገት ጅማት ይገተራል፣ አየሩ በአፍ በኩል ድምፅ እያሰማ ይገባል። እንዲህ አምስት ስድስት ጊዜ የተነፈሰ ሰው ዘና ማለቱ ቀርቶ ራሱን ያዞረዋል፤ «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎም ይተወዋል።

ስለዚህ የሚከተለውን ስትሞክሩ አንድ ነገር ያዙልኝ። ትንፋሹ ዝግ ይበል እንጂ ትልቅ አይሁን። የሚረዝመውም ሲገባ ሳይሆን ሲወጣ ነው።

በሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

ጤነኛ አዋቂ ሰው ዐርፎ በተቀመጠበት በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው አየር ግማሽ ሊትር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚሆነው በአፍንጫ፣ በጉሮሮና በአየር ቧንቧ ውስጥ ቆይቶ ተመልሶ ይወጣል፤ ኦክስጅን ወደ ደም የሚተላለፍባቸው ጥቃቅን የሳንባ ከረጢቶች ጋ አይደርስም። ሒሳቡን ብንሠራው ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በደቂቃ 24 ጊዜ፣ በየጊዜው ሩብ ሊትር የሚተነፍስ ሰው 6 ሊትር አየር ያመላልሳል፤ ከረጢቶቹ ጋ የሚደርሰው ግን 2.4 ሊትር ብቻ ነው። ያንኑ 6 ሊትር በ12 ትንፋሽ ያመላለሰው 4.2 ሊትር ያደርሳል። በ6 ትንፋሽ ያመላለሰው ደግሞ 5.1 ሊትር ያደርሳል። ቁና ቁና የሚተነፍስ ሰው ብዙ ለፍቶ ጥቂት የሚያገኘው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ልብ ነው። ሁለት ጣታችሁን በእጅ አንጓችሁ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አድርጋችሁ የደም ሥራችሁን ምት ፈልጉ። አሁን በዝግታ እየተነፈሳችሁ አዳምጡት። አየር ሲገባ ምቱ ትንሽ ይፈጥናል፤ ሲወጣ ዝግ ይላል። በተለይ በወጣቶች ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታወቃል። ልብን ዝግ የሚያደርገው ቫገስ የተባለው ነርቭ ነው፤ ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባና ወደ ሆድ ዕቃ ይወርዳል። አየር ስናስገባ ይህ ነርቭ በልብ ላይ ያለው ጫና ይላላል፣ ስናስወጣ ይመለሳል። ስለዚህ የማስወጫውን ጊዜ ማስረዘም ማለት ልብ ዝግ የሚልበትን ጊዜ ማስረዘም ማለት ነው። ልብህ ቀስ ይበል ብለን በቀጥታ ልናዘው አንችልም፤ ትንፋሽ ግን በራሱም ይሄዳል፣ ስንይዘውም ይታዘዛል። በሩ እሱ ነው።

ሦስተኛው፣ ያ በክፍል ውስጥ የማየው ማዞር ነው። ትልልቅ ትንፋሽ በተከታታይ ስንወስድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደማችን ከሚገባው በላይ ይወጣል። እሱ ሲያንስ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ራስ ይቀልላል፣ የጣት ጫፍና ከንፈር ይነዝራል። «አየር አነሰኝ» ብሎ ሌላ ትልቅ ትንፋሽ የሚጨምር ሰው ነገሩን ያባብሰዋል። መፍትሔው በተቃራኒው ነው፤ ትንሽ ማስገባት፣ ቀስ ብሎ ማስወጣት።

ደረጃ 1፦ አቀማመጥ

ወንበር ላይ ከሆናችሁ ሁለቱም እግሮቻችሁ መሬት ይርገጡ፣ ጀርባችሁ ቀና ይበል። መሬት ላይ ከሆናችሁ ዳሌያችሁ ከጉልበታችሁ ከፍ እንዲል የታጠፈ ብርድ ልብስ ከሥራችሁ አድርጉ። ቀበቶ ወይም ጠባብ ልብስ ሆድ ላይ ካለ ይላላ። አገጭ ወደ ውስጥ ትንሽ ይግባ፤ ጥርስ ከጥርስ ይላቀቅ። ዓይን መጨፈን የማይመቻችሁ ከሆነ ፊት ለፊታችሁ ያለውን ወለል ዝቅ ብላችሁ እዩ። አቀማመጥ ላይ ከዚህ በላይ ጊዜ አታጥፉ።

ደረጃ 2፦ ሳይነኩ መመልከት

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህንን ነው፤ የሚቸኮለው ወደ ቆጠራው ነው። ግን እንዴት እንደሚሄድ ያላያችሁትን ትንፋሽ ብታስተካክሉት የምትጨምሩት ሌላ ውጥረት ነው። ስለዚህ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ምንም አትለውጡ፤ ተከተሉት ብቻ።

የት እንደምትመለከቱ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የአፍንጫችሁን ቀዳዳ ጠርዝ። አየሩ ሲገባ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሲወጣ ሞቅ ብሎና ረጥቦ ነው። በየትኛው ቀዳዳ ይበልጥ እንደሚያልፍም አስተውሉ፤ በአብዛኛው ሁለቱ እኩል አይደሉም። በብዙ ሰው ላይ በየጥቂት ሰዓቱ ተራ ይለዋወጣሉ፤ ይህ የአፍንጫ የተፈጥሮ ባሕርይ ስለሆነ አያሳስባችሁ። ከዚያ ወደ ጎድን አጥንታችሁ ውረዱ። ወደ ጎን ይከፈታል? ወይስ የሚንቀሳቀሰው የደረታችሁ የላይኛው ክፍል ብቻ ነው? በመጨረሻ ትንፋሹ ወጥቶ ካለቀ በኋላ፣ ቀጣዩ ሳይጀምር ያለችውን አጭር ዝምታ ፈልጉ። እኔ ጀማሪን ለረጅም ጊዜ የማቆየው እዚህች ላይ ነው። ሰውነት ምንም ሳይሠራ የሚቆይባት ቅጽበት ናት፤ አንዴ ያገኛት ሰው በሚቀጥለው ቀን ራሱ ፈልጎ ይመለሳል።

ሐሳባችሁ ይሄዳል። የነገው ሥራ፣ ያልተመለሰ ስልክ፣ ትናንት የተባለ ቃል ይመጣል። መሄዱን ስታውቁ ራሳችሁን ሳትወቅሱ ወደ አፍንጫችሁ ጠርዝ ተመለሱ። ልምምዱ መመለሱ ነው፤ ሃያ ጊዜ የተመለሰ ሰው ሃያ ጊዜ ሠርቷል። ይህ ዓይነቱ መመልከት በቡድሂስት መነኮሳት ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ነው። ወደ ሕክምናው ዓለም በሰፊው እንዲገባ ካደረጉት መካከል ጆን ካባት ዚን ይገኝበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥር የሰደደ ሕመምና ጭንቀት ላለባቸው ሰዎች በጀመረው ሥልጠና ትንፋሽን ማስተዋል ዋነኛ ልምምድ ነበር።

ደረጃ 3፦ ትንፋሹን ወደ ሆድ ማውረድ

በጀርባችሁ ተኙ፣ ጉልበታችሁን አጥፉ። አንድ እጅ ደረት ላይ፣ አንድ እጅ እምብርት ላይ ይሁን። በአፍንጫ ስታስገቡ የታችኛው እጅ ከፍ ይላል፣ ስታስወጡ ይወርዳል። የላይኛው ከሞላ ጎደል ባለበት ይቆያል።

ይህን የሚሠራው ድያፍራም የተባለው ጡንቻ ነው። ከሳንባ ሥር እንደ ጉልላት ተዘርግቶ ደረትን ከሆድ ይለያል። ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል፣ ሳንባ ቦታ አግኝቶ አየር ይስባል፣ ሆድ ዕቃም ተገፍቶ ሆዳችን ከፍ ይላል። አየር ሆድ ውስጥ አይገባም፤ ከፍ የሚለው ከላይ ስለተገፋ ነው። ስለዚህ በሆድ ጡንቻ ገፍታችሁ ሆዳችሁን ለመንፋት አትታገሉ። ሆድን አላሉት፤ ድያፍራም የራሱን ሥራ ያውቃል።

ሆዱን ዕድሜ ልኩን ወደ ውስጥ ሰብስቦ የኖረ ሰው በጀርባው ተኝቶም ላይሆንለት ይችላል። እንዲህ ከሆነ በሆድ ተኙ፤ ክንዶቻችሁን አጣጥፋችሁ ግንባራችሁን በላያቸው ላይ አሳርፉ። በዮጋ የአዞ አቋም ይሉታል። ወለሉ ሆዳችሁን ስለሚነካ እያንዳንዱ ትንፋሽ ሲገባ ሆዳችሁ ወለሉን ሲጫን፣ ወገባችሁም ትንሽ ከፍ ሲል ይሰማችኋል። ብዙዎች የሆድ ትንፋሽ ምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባቸው እዚህ ነው። ሁለት ደቂቃ ከቆያችሁ በኋላ ተገላብጣችሁ በጀርባ ሞክሩት።

ደረጃ 4፦ መውጫውን ማስረዘም

የመመሪያው ልብ ይህ ነው። በአፍንጫ እያስገባችሁ በልባችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩ፣ እያስወጣችሁ እስከ አራት። አንድ ደቂቃ በዚህ ቆዩ። ከተመቻችሁ ሦስት ለአምስት፣ ከዚያ አራት ለስድስት አድርጉት። አንድ ቁጥር አንድ ሰከንድ ከሆነ አራት ለስድስት አንዱን ትንፋሽ 10 ሰከንድ ያደርገዋል፤ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ማለት ነው። በብዙ አዋቂዎች ላይ የልብ ምት ከትንፋሽ ጋር ከፍና ዝቅ የሚልበት ስፋት ትልቁን መጠን የሚይዘው በዚህ ፍጥነት ገደማ ነው።

አየሩ ሲወጣ አትግፉት። ለቀቅ አድርጉት እንጂ ከሆዳችሁ ጨምቃችሁ አታስወጡ። ቶሎ የሚያመልጣችሁ ከሆነ ትኩስ መጠጥ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ከንፈራችሁን ሾጠጥ አድርጋችሁ በቀጭኑ አስወጡት። ጥቂት ቀን ስትለማመዱ አፍንጫው ብቻውን ይበቃል።

ቁጥሩ ልካችሁ መሆኑን የሚነግራችሁ ቀጣዩ ትንፋሽ ነው። አስወጥታችሁ ስትጨርሱ አየሩ በጸጥታ ከገባ ልክ ነው። ተስገብግባችሁ ከሳባችሁ፣ ወይም ደረታችሁ ብድግ ካለ፣ በዝቶባችኋል፤ አንድ ቁጥር ቀንሱ። ሦስት ለአራት የሚበቃው ሰው ሦስት ለአራት ይሥራ። ስድስት ለአሥር የሚቆጥር ጎረቤት ስላለ ማንም ሰው ሳንባውን ማስገደድ የለበትም። እኔ በዚህ ጥብቅ ነኝ፤ ውድድር የሆነ ትንፋሽ ማረፊያ መሆኑ ያበቃል።

ቆጠራ የሚያሰለቸው ሰው ቃል ይጠቀም። እ.ኤ.አ. በ2001 ሉቺያኖ በርናርዲ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት፣ የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን የሚደግሙ ሰዎችም የዮጋ ማንትራ (እየተደጋገመ የሚባል አጭር ቃል) የሚደግሙ ሰዎችም ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። የምትወዱት አጭር ጸሎት ካላችሁ አየር ስታስወጡ በልባችሁ በሉት። ዜማ ያላችሁም በዝግታ ብታዜሙት ያው ነው።

በቀን አንድ ጊዜ አምስት ደቂቃ ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል። ሰዓቱን አትለዋውጡ።

በዮጋ ምንጣፍ ላይ

በዮጋ የትንፋሽ ልምምድ ፕራናያማ ይባላል። እንቅስቃሴው ላይ ግን ጀማሪ የሚያስፈልገው ደንብ አንድ ነው፤ ደረት ሲከፈት አየር ይገባል፣ ሰውነት ሲታጠፍ ይወጣል።

ደንቡን ለመልመድ ከድመትና ላም አቋም የተሻለ አላውቅም። በእጅና በጉልበት ተንበርከኩ፤ እጅ ከትከሻ ሥር፣ ጉልበት ከዳሌ ሥር። አየሩን ማስገባት ጀምሩ፤ ከጀመራችሁ በኋላ፣ ቀድማችሁ ሳይሆን፣ ሆዳችሁን ወደ መሬት ለቀቅ፣ ደረታችሁን ወደ ፊት ከፈት አድርጉ። ማስወጣት ስትጀምሩ ከጅራት አጥንት ተነሥታችሁ የጀርባ አጥንቶቻችሁን አንድ በአንድ ወደ ላይ አጉብጡ፤ አንገት መጨረሻ ላይ ይውደቅ። ትንፋሹ እንቅስቃሴውን ይምራ፤ ከእንቅስቃሴው ትንሽ ቀድሞ ይጀምር፣ ትንሽ ዘግይቶ ይለቅ። አብዛኛው ሰው በመጀመሪያ ሰውነቱ ቀድሞ ደርሶ ትንፋሹን ይጠብቃል። ያን ጊዜ እንቅስቃሴውን አዘግዩ እንጂ ትንፋሹን አታፍጥኑ። ስምንት አሥር ጊዜ እንዲህ ከሠራችሁ ሁለቱ ይገጣጠማሉ፤ መገጣጠማቸውም ያለ ነጋሪ ይታወቃችኋል።

ወገብ ስትጠማዘዙ፣ ስታስገቡ ከፍ በሉ፣ ስታስወጡ ዙሩ። በሕፃን አቋም ተንበርክካችሁ ግንባራችሁን መሬት ስታስነኩ ሆዳችሁ ጭናችሁ ላይ ስለሚያርፍ አየሩ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የጀርባችሁ የጎድን አጥንቶች ሲከፈቱ አስተውሉ። ከባድ አቋም ላይ ቆማችሁ ትንፋሻችሁ ከተያዘ ወይም ከተቆራረጠ ግማሽ መንገድ ተመለሱ። ጡንቻ ከመጎዳቱ በፊት ትንፋሽ ይናገራል፤ እሱን የሰማ ሰው ብዙ ጉዳት ያመልጠዋል።

ኡጃዪ የሚባለው ጉሮሮን በጥቂቱ አጥብቦ ለራስ ብቻ የሚሰማ ሹክሹክታ ያለው ትንፋሽ ነው። መስታወት ላይ «ሃ» ብላችሁ ተንፍሱ፤ ከዚያ አፋችሁን ዘግታችሁ ያንኑ በአፍንጫ አድርጉት። ጎናችሁ ያለው ሰው ከሰማው በዝቷል።

ለማረፍ ከሁሉ ይልቅ የምወደው ብራማሪን ነው። አፍ ይዘጋል፣ ጥርስ ይላቀቃል፣ አየሩ ሲወጣ «ምምም» የሚል ድምፅ ከአፍንጫ ይወጣል። ከንፈርና የአፍንጫ አጥንት ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። ድምፁ እስኪያልቅ ስለምትጠብቁ ሳትቆጥሩ መውጫው ይረዝማል። ሌላም ጥቅም አለው። በአፍንጫ ዙሪያ ባሉት የአጥንት ክፍተቶች ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ፣ የደም ሥርን የሚያሰፋ ጋዝ ይሠራል። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ እያንጎራጎሩ ማስወጣት በጸጥታ ከማስወጣት ጋር ሲነጻጸር በአፍንጫ የሚወጣውን የዚህን ጋዝ መጠን 15 እጥፍ ገደማ ከፍ አድርጎታል። ስድስት ጊዜ ያህል አድርጉትና ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።

መጨረሻ ላይ በሻቫሳና፣ ማለትም በጀርባ ተዘርግቶ በሚታረፍበት አቋም፣ ስትተኙ ቁጥሩንም ድምፁንም ተዉት። ትንፋሹ በራሱ ይሂድ።

በቀኑ መሐል

ምንጣፍ ላይ የተለማመዳችሁት ነገር ጥቅሙ የሚታየው ሰው በተሰለፈበት፣ ስብሰባ በጋለበት፣ ልጅ በሚያለቅስበት ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ የለም። ስለዚህ ማንም የማያውቅባችሁ አጭር ነገር ያስፈልጋችኋል።

ከሁሉ ፈጣኑ ድርብ ትንፋሽ ነው። በአፍንጫ አስገቡ፤ ሳታስወጡ ሌላ ትንሽ ጨምሩበት፤ ከዚያ በአፍ በረጅሙ እፎይ ብላችሁ አስወጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። ሰውነት ይህን ሳናዘው በየጥቂት ደቂቃው ያደርገዋል፤ የተጣበቁትን የሳንባ ከረጢቶች የሚከፍተው በዚህ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት፣ ለአንድ ወር በየቀኑ አምስት ደቂቃ ይህን የሠሩ ሰዎች ያንኑ ያህል ጊዜ ሐሳብን በማስተዋል ከተቀመጡት ይልቅ ስሜታቸው ተሻሽሎ፣ የትንፋሻቸውም ፍጥነት ቀንሶ ተገኝቷል።

ልምዱ እንዲጸና ከምታደርጉት ነገር ጋር እሰሩት። ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ረጅም መውጫ። በር ከመክፈታችሁ በፊት አንድ። መልእክት ጽፋችሁ «ላክ»ን ከመጫናችሁ በፊት አንድ፤ ይቺኛዋ ብዙ ጸጸት ታስቀራለች። ስክሪን ላይ አፍጥጣችሁ ስትሠሩ ራሳችሁን ታዘቡ፤ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ታገኙት ይሆናል።

የሚያናድድ ንግግር ውስጥ ከሆናችሁ፣ ሌላው ሰው እየተናገረ ሳለ በአፍንጫችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ፤ የእግራችሁ መዳፍ መሬት መርገጡን አስታውሱ። መልሱን ከዚያ በኋላ ስጡ። ስትራመዱ ደግሞ እርምጃችሁ ቁጥር ይሁን፤ ሦስት እርምጃ ማስገባት፣ አራት ወይም አምስት ማስወጣት። አቀበት ላይ ተዉት።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲል በጎናችሁ ተኝታችሁ የምታስወጡትን ብቻ ቁጠሩ፣ ከአንድ እስከ አሥር፤ ከዚያ እንደገና ከአንድ። የት እንደደረሳችሁ ከጠፋባችሁ ከአንድ ጀምሩ። «አሁን ልተኛ ነው» እያላችሁ ውጤቱን አትጠብቁ፤ መጠበቁ ራሱ ያነቃል።

ሲያስቸግር

አየር ያጠራችሁ ከመሰላችሁ ቆጠራውን አቁማችሁ እንደፈቀደው ተንፍሱ፤ ስትመለሱ በአነስተኛ ቁጥር ጀምሩ። አፍንጫ ከተደፈነ በሾጠጠ ከንፈር አስወጡ። ቁጭ ባላችሁ ቁጥር የሚያንቀላፋችሁ ከሆነ ምናልባት የሚያስፈልጋችሁ እንቅልፍ ነውና ተኙ።

አንዳንድ ሰው፣ በተለይ ድንገተኛ ፍርሃት የሚይዘው ወይም ክፉ ነገር ያለፈበት ሰው፣ ትንፋሹን ሲመለከት ጭራሽ ይብስበታል። ይህ ድክመት አይደለም፤ በጉልበት መቀጠልም የለበትም። ዓይናችሁን ክፈቱ፤ ትኩረታችሁን ወደ እግራችሁ መዳፍ ወይም በአካባቢያችሁ ወዳለ ድምፅ ውሰዱት። በእሱ ማረፍ ከተቻለ ይበቃል። ብራማሪም ለእነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይቀላል፤ የሚከተሉት ድምፁን ነውና።

ጥንቃቄ

እዚህ የጻፍኩት ዝግ ያለ ትንፋሽ ለአብዛኛው ሰው አያሰጋም። ትንፋሽን ለረጅም ጊዜ መያዝና እንደ ካፓላባቲ ያሉ ኃይለኛ፣ ፈጣን አተነፋፈሶች ግን ለነፍሰ ጡር፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመምተኛ፣ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሆኑም። አስም ያለበት ሰው ይህን ቢለማመድም በሐኪም የታዘዘለትን የሚሳብ መድኃኒት አይተውም። ዓይን ጨፍናችሁ የምትሠሩትን መኪና እየነዳችሁ አትሥሩ። ውኃ ውስጥ ከመጥለቃችሁ በፊት በፍጥነት ደጋግማችሁ አትተንፍሱ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያንስ የመተንፈስ ጥሪው ይዘገያል፣ ሰው ውኃ ውስጥ እንዳለ ራሱን ሊስት ይችላል።

የደረት ሕመም፣ ዐርፋችሁም የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር ወይም የከንፈር መጥቆር ካለ ልምምዱን ትታችሁ በአፋጣኝ ወደ ሕክምና ሂዱ።